በሁለት እጅ የተቀበሉት ዳቦ

ዳቦ ይዞ የመጣ እንግዳ በሰላም ነው የመጣው ብለን ነው ያደግነው። አቶ ተገኘም ያደጉት እንደዚያው ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ጉንጉን ጠጉራቸው ወገባቸው ላይ የደረሰ አጭር ሴትዮ ከወንድማቸው ጋር መጥተው ኦክላንድ ያለውን የአቶ ተገኘን ቤት ሲያንኳኩ፣ ከጥልፍ ጨርቅም ውስጥ ሰፌድ የሚያህል ዳቦ አውጥተው ሲያቀርቡላቸው፣ እሳቸው ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። በኢየሱስ ስም ባርከው ቆረሱ። ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ወርቂቱ ሰጡ፤ ራሳቸውም በሉ። እንግዳዋ ይህን ሲያዩ አለቀሱ። የምን እንባ እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ቢጠየቅም መልሱ የሚመጣው በስፓኒሽ ነበር።

እንግዳዋ ዶኛ ሳቱርኒና ናቸው፤ ዶኛ ማለት እንደኛ ወይዘሮ ነው፤ ከፔሩ ተራሮች መጥተው ሳን ሆዜ የሚኖሩ፣ የዊልበር እናት። ዊልበር ደግሞ የቤቱ ልጅ ናዝሬት የምትሠራበትን የአላሜዳ የጥርስ ክሊኒክ መብራት ሊያድስ መጥቶ ልቧን ይዞ የሄደ ኤሌክትሪሺያን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ተዋደዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ደግሞ የናዝሬት አባት፣ ኦክላንድ ያለችው የአማርኛ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መሪ ሽማግሌ አቶ ተገኘ፣ ልጁን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «ያ ልጅ» ነው የሚሉት።

ናዝሬት ከሥራ ስትገባ አባቷ በቤት ሱሪያቸው ላይ የእሑድ ኮታቸውን ደርበው ተቀምጠዋል።

«ነይ እስቲ ቁጭ በይ» አሏት። «ዛሬ ሽማግሌ መጥቶብሽ ነበር።»

«ምን? አባዬ፣ አር ዩ ሲሪየስ?»

«የዊልበር እናትና አጎቱ። ቀድመው ኮል እንኳን አላደረጉም። ግን ምን ዓይነት ጨዋ ሰዎች ናቸው! ስፓኒሽ አልገባኝም፣ እሳቸውም ኢንግሊሽ ብዙ የላቸውም። ቢሆንም ሽማግሌ በየትኛውም አገር ሽማግሌ ነው። ቆመው ነው የተናገሩት።»

«እና ምን አልካቸው?»

«በወጉማ በመጀመሪያው ቀን መልስ አይሰጥም። ግን ዳቦ እንዴት ይመለሳል? ተቀበልኳቸዋ!»

ናዝሬት ከጠቅላላው ወሬ የሰማችው አንዲት ቃል ብቻ ነው። ዊልበር ብለዋል። አባቷን አቅፋ ሳመቻቸው፤ እናቷን አቅፋ ሳመች፤ ወደ መኝታ ቤቷ ሮጣ ስልኳን አነሣች። ደስታ ሰውን ሞኝ ያደርገዋል፣ ሞኝነቷም ደስ ይላል።

«ዳቦውን በሉት?» አላት ዊልበር። ሁለቱ የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እኛ ግን በአማርኛ እንስማቸው።

«ግማሹን በሉት። የቀረውን እማዬ ፍሪዘር ውስጥ ከታዋለች። ምነው?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ሁለት ጊዜ ጠራችው።

«ናዝሬት፣ እናቴ የመጣችው አንቺን ልትጠይቅልኝ አይደለም።»

ቀስ እያለ ነገራት። ቃንቱፓታ የምትባል ከተማ አለቻቸው፣ ከኩስኮ ወዲያ፣ ተራራ ላይ። በየዓመቱ ሐምሌ ውስጥ የድንግል ማርያምን በዓል በጭፈራና በጭምብል ታከብራለች። ወደ ካሊፎርኒያ የመጡት ልጆቿ ብዙዎቹ ወረቀት የላቸውም፤ ከወጡ መመለስ የለም። ስለዚህ በዚያችው ቀን፣ ሳን ሆዜ ላይ ያከብሩታል። በየዓመቱ አንድ ባለ ተራ ይመረጣል፤ ዘንድሮ ተራው የዊልበር ነው። ባለ ተራ ደግሞ ብቻውን አይወጣውም። ከበዓሉ በፊት ዘመዶቹ ዳቦ ይዘው የሚተማመኑበትን ሰው ቤት ያንኳኳሉ። ያንን ዳቦ ሁርካ ይሉታል። የማይፈልግ እጁን አይዘረጋም። የተቀበለ ተስማማ ማለት ነው። የበላ ግን አለቀለት፤ ከሆዱ አውጥቶ አይመልሰው! ከአንዱ አበባ ይጠየቃል፣ ከአንዱ መለከት ነፊ፣ ከአንዱ ምግብ።

«ከአባዬስ ምን ጠይቃ ነው?»

«የባለ ተራው አባት በበዓሉ ቀን ከልጁ በስተቀኝ ይሄዳል። እኔ አባት የለኝም። በአባቴ ቦታ እንዲቆሙልኝ ነው የለመነችው።»

የናዝሬት ዓይኖች እንባ ሞሉ። ለአፍታ ከዚህ የሚያምር ነገር በዓለም ላይ ያለ አልመሰላትም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላትና ደረቷ ላይ ብርድ ተሰማት።

«የሚሄዱት ወዴት ነው?»

«የእመቤታችን ምስል ወዳለበት» አለ ዊልበር። «አትሂጂባቸው ብያት ነበር። እሺ ብላኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን መጣች?»

«ስለፈራች። እኛ አገር ወንጌላዊ የሆነ ሰው ጭምብሉን ያስቀምጣል። የገዛ እኅቷ ቤተሰብ እንደዚያ ሆኖ ቀረ፤ በበዓል ቀን በራቸውን ዘግተው ይውላሉ። አንቺን ካወቅኩ ወዲህ እናቴ እንቅልፍ የላትም። አባትሽ ዳቦውን ሲበሉ ነው ያጣችውን ሁሉ ያገኘች የመሰላት።»

ናዝሬት ስልኩን ዘግታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ከሳሎን የአባቷ መዝሙር ይሰማታል። ደስ ሲላቸው ያዜማሉ። ልትነግራቸው ተነሣች፣ በሩ ድረስ ሄደች፣ ተመለሰች።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ነገሩ ቀድሟት ገብቷል። እትዬ ውብዳር ከመዘምራኑ መካከል ወጥተው ጉንጮቿን እያገላበጡ ሳሟት። «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ሽማግሌ ተላከብሽ አሉ! ፈረንጅ ሆኖ ይህን ያህል ወግ ማወቅ!» ሌላዋ ሠርጉ መቼ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ሌላው አዳራሽ ቀድማ ሪዘርቭ እንድታደርግ መከራት። ሰባኪው ምን እንደሰበከ ናዝሬት አታውቅም። በየእንኳን ደስ ያለሽው ነገ እነዚሁ ሰዎች «ሽማግሌያችን የማርያምን ዳቦ በላ» ሲሉ ይታያታል።

ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ፣ አባቷ መኪናውን ሳያስነሱ ነገረቻቸው። ሁሉንም። ወይዘሮ ወርቂቱ ከኋላ ወንበር ሆነው ሰሙ።

«የማርያም ጽዋ ማለት ነው በይኛ» አሉ ወይዘሮ ወርቂቱ መጨረሻ ላይ። «የአባትሽ እናት ማኅበር እንዲሁ ነበር። ጽዋውን የተቀበለ ባለ ተራ ነው።»

አቶ ተገኘ መሪውን ይዘው ፊት ለፊት ያያሉ። «ከግሸን ማርያም አምልጬ» አሉ፣ «ኦክላንድ ላይ የፔሩዋ ትያዘኝ?»

ወይዘሮ ወርቂቱ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ናዝሬት ግን ሳቅ አልመጣላትም።

«ናዚ፣ እኔ ለዚህ እምነት ከአባቴ ቤት ነው የወጣሁት» አሉ። «ወሎ ውስጥ የተከበረ ሰው ነበር። ጌታን ተቀበልኩ ስለው ‘ወይ ይህን ነገር ተው፣ ወይ ቤቴን ተው’ አለኝ። ቤቱን ተውኩ። ሲሞት እንኳን አልቀበርኩትም። ታዲያ ያን ሁሉ ከፍዬ፣ ዛሬ ሸምግዬ ከምስል ኋላ ልሰለፍ? ሰዉስ ምን ይለኛል? ጌታስ?»

«ሶሪ አባዬ።»

«አንቺ ምን አደረግሽ? የበላሁት እኔ።» ቁልፉን አዞሩ። «የሳን ሆዜን መንገድ አሳይኝ። ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ።»

በፍሪዌዩ ላይ ናዝሬት ‘እየመጣን ነው’ ብላ ለዊልበር ጻፈችለት። ሌላ የምትጨምረው አጣች።

የቃንቱፓታ ልጆች እሑድ እሑድ የሚለማመዱት ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ ባለ ባዶ ግቢ ውስጥ ነው። መለከት የሚነፉት በሳምንቱ ቀን ምግብ አብሳዮችና አትክልተኞች ናቸው። ጭምብሎቹ ከአገር ቤት የመጡት ወረቀት ባላቸው ሰዎች ሻንጣ፣ በካልሲና በሹራብ ተጠቅልለው ነው። አንድ ወንበር ላይ ስልክ ቆሟል፤ በስልኩ ውስጥ ከቃንቱፓታ አንድ ሽማግሌ የጭፈራ አስተማሪ ይታያሉ። አሜሪካ የተወለዱት ጎረምሶች ሲሳሳቱ ከተራራው ላይ ሆነው ይቆጧቸዋል። ቁጣው ዘግይቶ ይደርሳል፤ ልጆቹ ግን ቆመው ይጠብቁታል።

ዊልበር የባለ ተራውን ጥልፍ መቀነት ከትከሻው እስከ ወገቡ አጥልቆ መሐል ቆሟል። ናዝሬትን ሲያይ ፊቱ በራ፤ አባቷን ሲያይ ጠፋ። ዶኛ ሳቱርኒና ግን ሳቁ። ሮጠው ወንበር አመጡ፣ በአበባ ጨርቅ ጠራርገው አቀረቡ።

አቶ ተገኘ አልተቀመጡም።

«እናቴ፣ ያከበሩኝን ክብር ዛሬ ነው ያወቅኩት» አሉ፣ ናዝሬት ለዊልበር፣ ዊልበር ለእናቱ እየተረጎሙ። «እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ግን አልችልም። ሳላውቅ ነው የበላሁት።»

ዶኛ ሳቱርኒና ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ክፉ ቢናገሩ ይሻል ነበር።

አቶ ተገኘ ይህ ሳይከብዳቸው አልቀረም፤ ወደ ዊልበር ዞረው ራሳቸው በእንግሊዝኛ ተናገሩት። «ልጄን ትወዳታለህ?»

«እወዳታለሁ።»

«እንግዲያው ይህን ነገር ተው። ዛሬ ተው፣ ዛሬ ሁለታችሁንም እመርቃችኋለሁ።»

ዊልበር እናቱን አየ። ከዚያ ናዝሬትን አየ፤ ያ አስተያየት ስንት ነገር እንደያዘ እሷ ብቻ ናት የምታውቀው። መቀነቱን በራሱ በኩል አወጣና ወንበሩ ላይ አስቀመጠው።

«እሺ» አለ።

መለከቱ ቆመ። ጨፋሪዎቹ ጭምብላቸውን አንድ በአንድ ወደ ላይ ገፉ። ከስልኩ ውስጥ ሽማግሌው አስተማሪ ምን ሆናችሁ፣ ምን ሆናችሁ እያሉ ይጠይቃሉ፤ የሚመልስላቸው የለም። ዶኛ ሳቱርኒና መቀነቱን አንሥተው የሟች ልብስ እንደሚታጠፍ ማጠፍ ጀመሩ።

ናዝሬት ሁለት ዓመት ስትጸልይበት የነበረው ቃል ነው ከአባቷ አፍ የወጣው። እመርቃችኋለሁ። ታዲያ ለምንድን ነው ከገደል የምትወድቅ የመሰላት?

«መልሰህ ልበሰው» አለችው።

«ላንቺ ብዬ ነው» አለ ዊልበር።

«እሱ ነው ያስፈራኝ! ዛሬ ለኔ ብለህ እናትህን ከተውክ፣ ነገ እኔን ለማን ብለህ ነው የምትተወኝ? በየእሑዱ ልምምድ አለብኝ እያልክ ጥለኸኝ ትሄድ ነበር። ስንት ጊዜ ተናድጄብሃለሁ፣ ስንት ጊዜ ስልክህን አላነሣሁም! ግን ልቤን የሰጠሁህ ለዚያ ነው። ይሄ ሰው የወደደውን ነገር አይጥልም ብዬ ነው።»

«አባትሽ እንቢ ካሉስ?»

«እንቢ ካለ አለቅሳለሁ። ብዙ አለቅሳለሁ። ግን ባዶ አድርጌ አልወስድህም፣ ዊልበር። የማፈቅረው ሰው ከወንበሩ ላይ ታጥፎ ቀርቶ፣ የተረፈውን ይዤ ልሂድ?»

እዚያው ቆማ በሰው መሐል አለቀሰች። ዊልበር አንድ እርምጃ ወደ እሷ መጣ፣ አቶ ተገኘን አየና ቆመ። በመካከላቸው አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ነበር፤ ማንም አልተሻገረውም።

በዚህ ጊዜ ነው ወይዘሮ ወርቂቱ የተናገሩት። እስካሁን ነጠላቸውን እንደያዙ ቆመው ነበር።

«ተገኘ» አሉ በለሆሳስ፣ «‘ወይ ይህን ተው፣ ወይ ቤቴን ተው’። ይህን ነገር ከማን ነበር የሰማሁት?»

አቶ ተገኘ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። ከዚያ በአበባ ጨርቅ በተጠራረገው ወንበር ላይ፣ ሰው እንዳስቀመጣቸው ሁሉ፣ ተቀመጡ። ፊታቸው በአንዴ አረጀ። ናዝሬት አባቷን እንደዚያ አይታቸው አታውቅም፤ በፍርሃት እንባዋ ደረቀ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ ናዝሬትን አትጠይቋት። አባቷ ይበላሉ፣ ይሠራሉ፣ ይጸልያሉ፤ ስለ ነገሩ ግን እሺም እንቢም የለም። ቤተ ክርስቲያን ወሬው ተገልብጦ ደረሰ። እትዬ ውብዳር መሳማቸውን ትተው ከሩቅ ራሳቸውን ይነቀንቁላት ጀመር። አንድ ማታ አባቷ ከሽማግሌዎች ስብሰባ ዘግይተው መጡና ሳይበሉ ተኙ። ዊልበር መቀነቱን መልሶ አጥልቋል፤ ግን በስልክ ሲያወራት ቃላቱን እየመዘነ ነው። «የሚመጡ ይመስልሻል?» ብሎ አይጠይቃትም። ባይጠይቃትም በየጥሪው ውስጥ ጥያቄው አለ። ክሊኒክ ውስጥ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ታካሚ ጠራች።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። ናዝሬትና እናቷ ገና በጠዋቱ ሳን ሆዜ፣ የዶኛ ሳቱርኒና አፓርትመንት ደጅ ላይ ናቸው። አቶ ተገኘ ቤታቸው ቀርተዋል፤ እነሱ ሲወጡ እሳቸው ጫማቸውን አላሰሩም ነበር፤ ናዝሬትም ልትለምናቸው አልደፈረችም። ደጁ በሰው ሞልቷል። ዊልበር በነጭ ሸሚዝና በጥልፍ መቀነት ቆሟል፤ በስተቀኙ ያለው ቦታ ባዶ ነው፣ ሰዉ ሁሉ እንዳይረግጠው እየተጠነቀቀ ያልፋል። አንድ አጎት መጥቶ እዚያ ሊቆም ነበር፤ ዶኛ ሳቱርኒና በእጃቸው መለሱት። ሁርካውን የበላው ሌላ ሰው ነው።

መለከት ነፊዎቹ አንዴ ጀምረው አቆሙ። በስልኩ ውስጥ ቃንቱፓታ አደባባይዋ ላይ ወጥታ ትጠብቃለች፤ እዚያም እዚህም የሚጠበቀው አንድ ሰው ነው። ዊልበር የናዝሬትን ዓይን ፈለገ። አገኘው። ምንም አይደል ሊላት ሞከረ፤ ከንፈሩ አልታዘዝ አለው። ናዝሬት ፊቷን አዞረች፣ እንዳያያት።

«ናዚ» አሉ እናቷ፣ ክንዷን ጨብጠው። «እዪ።»

አቶ ተገኘ ከመንገዱ ማዶ እየመጡ ነው፤ የእሑድ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ እያላቡ። ፓርኪንግ ፍለጋ ስንት ብሎክ እንደዞሩ እግዚአብሔር ይወቀው። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። በዶኛ ሳቱርኒና ፊት ቆሙ።

«ንገሪልኝ፣ ሳትቀንሺ» አሏት ናዝሬትን። «ዳቦዎን በልቻለሁ በያቸው። የበሉበትን ወጪት መስበር አላደግኩበትም። ከልጅዎ ጎን እሄዳለሁ፣ ግን እስከ ግቢው በር ነው። ከበሩ ወዲያ አልገባም፣ ለምስልም አልሰግድም። ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችም ይህንኑ ነግሬያለሁ። አንዳንዶቹ አኩርፈዋል። ያኩርፉ።»

ዶኛ ሳቱርኒና እስኪተረጎምላቸው ጠበቁ። ዓይናቸውን ጠረጉና አንድ ነገር አሉ፤ ደጅ ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ዊልበርም እየሳቀ ለናዝሬት ተረጎመላት።

«ምን አሉ?» አሉ አቶ ተገኘ።

«የዊልበር አባትም ከበሩ አልፎ አያውቅም ነበር ነው የሚሉት» አለች ናዝሬት እያለቀሰችም እየሳቀችም። «በሩ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ሰክሮ ነበር።»

አቶ ተገኘም ሳቁ፤ ሳይፈልጉ ነው የሳቁት። ከዚያ በዊልበር ቀኝ፣ ባዶው ቦታ ላይ ገብተው ቆሙ፣ እጃቸውንም ትከሻው ላይ አኖሩ። ዶኛ ሳቱርኒና ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው የአቶ ተገኘን ስም ጮክ ብለው ተናገሩ። ከተራራው ላይ፣ ዘግይቶ፣ ጭብጨባ መጣ።

በሳን ሆዜ መንገድ ላይ ሲሄዱ ናዝሬት ከኋላ ሆና ሁለት ጀርባ ታያለች። አንዱ ያሳደጋት፣ አንዱ የምትወደው። ስንት ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ልታጣ እንደሆነ አስባ ትራሷን አርጥባለች! አሁንም፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው በመኪና ቢያልፍስ? አባቷ መሐል ላይ ቢጸጸቱስ? እያንዳንዱ መስቀለኛ መንገድ ላይ የሚያልፉትን መኪናዎች ታያለች። እሳቸው ግን ሄዱ፤ በቀስታ፣ በአዛውንት እርምጃ፣ እጃቸውን ከልጁ ትከሻ ላይ ሳያነሡ።

የተከራዩት ግቢ በር ላይ ደረሱ። ውስጡ በአበባ ተሸፍኗል፤ ምስሉ በሩቁ ይታያል። አቶ ተገኘ ቆሙ። ዊልበር ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ፤ ይህን ማንም አላስተማረውም። ገባ። ጨፋሪዎቹ ገቡ፣ መለከቱ ገባ፣ ሰዉ ገባ። ወይዘሮ ወርቂቱ ከባለቤታቸው ጎን ቀሩ።

ናዝሬት በሩ ላይ ተተክላ ቀረች። ዊልበር ከውስጥ ዞሮ ይጠብቃታል፤ አልጠራትም፣ ብቻ ቆሞ ያያታል። አባቷ ከውጭ ናቸው።

«ግቢ እንጂ» አሉ አቶ ተገኘ።

«አባዬ፣ አንተስ?»

«እኔማ እዚህ ነኝ።» ክራቫታቸውን ላላ አደረጉ፤ ፊታቸውን ከእሷ መልሰው ወደ መንገዱ አዞሩ፣ ዓይናቸውን እንዳታይባቸው። «የምታምኚውን ታውቂያለሽ። ግቢና ከሰውሽ ጋር ቁሚ። ስትወጪ እዚሁ ታገኚኛለሽ።»